የማዕበሉ ደብተር፦ ደሴት ላይ ሆናችሁ ከመንግሥት አገልግሎት እንዴት ትጠይቃላችሁ?

«ሕዝባችሁ ስንት ነው?»

ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከሽማግሌዎች ጋር ብዙ ቢሮ ዞሬያለሁ። በሄድንበት ሁሉ መጀመሪያ የምንጠየቀው ይህንኑ ነው። ቁጥሩን እንናገራለን። ሰውየው እስክሪብቶውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። «እናንተ እኮ ትንሽ ናችሁ፣ መስፈርቱን አታሟሉም» ይለናል። እኛም ነፋሱ ሳይነሳ ለመድረስ ወደ ጀልባችን እንሮጣለን።

ነገሩ የገባን በሦስተኛው ዓመት ነው። በሰው ቁጥር ከተከራከርን ምንጊዜም እንሸነፋለን። በሰዓት ከተከራከርን ግን የሚመልስልን አይኖርም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህች አንድ ነገር ዝርዝር ነው፤ ርቀታችሁን በሰዓትና በማዕበል ቆጥራችሁ፣ ጽፋችሁ፣ በጊዜው አቅርቡ።

ይሄ የሚመለከተው የጣናን ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎጃም ውስጥ ክረምት ሲገባ ወንዝ ሞልቶ ደሴት የሚሆን ቀበሌ ሞልቷል። ከግልገል አባይ ማዶ፣ ከብር ማዶ፣ ከሙጋ ማዶ፣ የአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያላችሁ ሁሉ ይሄ የእናንተም ጉዳይ ነው።

መስፈርቱ ለምን አይበቃንም

ጤናን እንውሰድ። በአገራችን አሠራር ገጠር ላይ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል። ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000። የብስ ላይ ይሄ ምክንያት አለው። ጤና ጣቢያ ቀበሌያችሁ ውስጥ ባይኖር ጎረቤት ቀበሌ ይኖራል። በባጃጅ ትሄዳላችሁ፣ መኪና ከሌለ በቃሬዛ ትሸከማላችሁ። ደሴት ላይ ጎረቤታችሁ ውሃ ነው። ውሃ ላይ ደግሞ ቃሬዛ ይዞ አይሮጥም።

ጣና እንደምታውቁት ትንሽ ኩሬ አይደለም። ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት መስታወት መስሎ ይተኛል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና እንኳን የደንገል ታንኳ የሞተር ጀልባም ይጨነቃል። ካርታ ላይ «30 ኪሎ ሜትር» ተብሎ የተጻፈው መንገድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅና ማታ ጭራሽ መንገድ አይደለም። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይሄንን ከየት ያውቀዋል? ክፉ ሆኖ አይደለም። ፎርሙ ላይ «ማዕበል» የሚል ዓምድ የለም። ዓምዱን የምትሠሩለት እናንተ ናችሁ።

ሌላው ዓለምም እዚሁ ላይ ተቸግሮ ነው መፍትሔ የፈለገው። ጃፓን ራቅ ላሉ ደሴቶቿ የተለየ የልማት ሕግ ያወጣችው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው፤ እየታደሰ እስካሁን ይሠራል። ስኮትላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. የደሴቶች አዋጅ አወጣች። በዚያ አዋጅ መሠረት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያወጣው አዲስ ፖሊሲ ወይም አገልግሎት ደሴተኛውን ከሌላው ለይቶ የሚነካ ከሆነ አስቀድሞ ገምግሞ ማሳየት ግዴታው ነው። በብዙ መስመሮች የጀልባው ዋጋም የሚሰላው ያንኑ ርቀት በመኪና ቢሄዱ በሚያወጡት ሒሳብ ነው። ይህንን የማነሳው እንድንቀና አይደለም። «ለእናንተ ብቻ የተለየ ነገር ልንሠራ ነው ወይ?» ያላችሁ ሰው ካለ «አዎ፣ ሌላም አገር ይሠራል፣ ምክንያቱም ይሄ ነው» ብላችሁ ረጋ ብላችሁ እንድትመልሱ ነው።

የራሳችንም ሕግ ቢሆን አይከለክልም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አላቸው ይላል። ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በቃላችሁ ያዟቸው።

ደብተሩ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ። ገጹን በማስመሪያ ከፋፍሉት። ቀን። ማን ነው (ስም አትጻፉ፤ «ነፍሰ ጡር»፣ «የ8ኛ ክፍል ተማሪ»፣ «አዛውንት» ይበቃል)። ምን ፈልጎ ነው የሚሻገረው። ስንት ሰዓት ጀልባ ፈለገ። ስንት ሰዓት ተነሳ። ስንት ሰዓት ደረሰ። ስንት ብር ከፈለ። ካልሄደ ደግሞ ለምን አልሄደም። የመጨረሻዋ ዓምድ ከሁሉም ትበልጣለች። የተሻገረውን ሰው ጤና ጣቢያው ይመዘግበዋል፤ መሻገር ያልቻለውን ግን ከእናንተ በቀር የሚመዘግበው የለም።

የእኛን ደብተር የያዘችልን ወደቡ አጠገብ ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ብናስቀምጠው ግማሹን ቀን ዝግ ነው። እሷ ግን ጎህ ሳይቀድ ከሰል ታያይዛለች፤ የሚሄደውንም የሚመለሰውንም ታያለች። ደብተሩን በሲባጎ አስራ ከጀበናው በስተጀርባ ምስማር ላይ ሰቀለችው። እስክሪብቶውም በሲባጎ ታስሯል። እሷ ራሷ ብዙ አትጽፍም ነበርና ልጇ ከትምህርት ሲመለስ ነግራው ይሞላዋል። ገጾቹ ላይ የብርጭቆ ክብ የሻይ ምልክት አለ። አንዱ ገጽ እንዲህ ይል ነበር፦

«ሐምሌ 14። ነፍሰ ጡር፣ ስምንት ወር፣ ደም ታየባት። ሌሊት 9 ሰዓት ጀልባ ተፈለገ። ማዕበል። ጠዋት 1 ሰዓት ተነሳች። 4 ሰዓት ደረሰች።
ሐምሌ 15። ማንም አልተሻገረም። ማዕበል።
ሐምሌ 16። የክትባት ቀን። መድኃኒቱ አልመጣም። እናቶች ሕፃን አዝለው እስከ 7 ሰዓት ጠብቀው ተመለሱ።»

ከሌሊት 9 እስከ ጠዋት 4 ሰባት ሰዓት ነው። ይሄንን ማንም ሰው በጣቱ ይቆጥረዋል። ያቺ ሴት ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብተሩን ያሳየነው ኃላፊ ግን ገጹን ሁለቴ አነበበው። ከዚያ በፊት በሄድንባቸው ጊዜያት ሁሉ ወረቀታችንን ቀና ብሎ እንኳን አላየውም ነበር።

ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን መዝግቡ። መስከረም ላይ ቁጭ ብላችሁ ደምሩት። የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ቁጥሮች ናቸው። በሦስቱ ወራት ስንት ቀን ሐይቁ አላሻግር አለ? ጀልባ ከተፈለገበት ሰዓት እስከ ጤና ጣቢያ በአማካይ ስንት ሰዓት ፈጀ? ስንት ሰው መሄድ ፈልጎ ቀረ? በቃ። ቁጥር አታጋንኑ። አንዲት የተጋነነች ቁጥር ከተገኘች እውነተኞቹንም ይዛቸው ትሞታለች።

አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ

ስብሰባ ሲጠራ ሁሉም ችግሩን ያወርዳል። መንገድ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ትምህርት ቤት፣ ወደብ፣ እምቦጭ። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን አሥር ጥያቄ የያዘ ደብዳቤ ለአሥር መሥሪያ ቤት ነው፤ ለአሥር መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ለማንም አልተጻፈም። በአንድ ዓመት አንድ ጥያቄ፣ ቢበዛ ሁለት።

የትኛውን? እዚህ ላይ ሴቶቹን ለብቻቸው ጠይቁ። ይሄንን የምለው ስላየሁት ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ስንሰበሰብ ወንዶቹ ፊት ይቀመጣሉ፣ ወደብ ይሠራልን ይላሉ። ሴቶቹ ኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። በማግስቱ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ ስንጠይቃቸው «የኛ ነገር የምጡ ሌሊት ነው» አሉን። ጥያቄያችን የተለወጠው በዚያ ነው።

ከተስማማችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙ። ቀን፣ የተገኘው ሰው ብዛት፣ የተወሰነው ነገር፣ የተመረጡት ተወካዮች፣ ፊርማ፤ መጻፍ የማይችል በጣት አሻራ። የቀበሌው ማኅተም ይረፍበት። ቃለ ጉባኤ የሌለው ሽማግሌ ቢሮ ሲገባ «የማን ተወካይ ነህ?» ይባላል፣ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። የእድርና የሰንበቴ ሰብሳቢዎችም ቢፈርሙ ጥሩ ነው።

መቼ?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኛም ሁለት ዓመት ተሳስተናል።

የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ችግሩ የሚያንገበግበን ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ተቆጥተን እንሄዳለን። በዚያን ጊዜ በጀቱ ተደልድሏል፣ ለያንዳንዷ ብር ስም ወጥቶላታል። «የዘንድሮው አልቋል፣ ለከርሞ» እንባላለን። ከርሞም ሐምሌ ላይ እንሄዳለን።

ስለዚህ ክረምቱን መዝግቡ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደምሩ፣ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ አስገቡ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ከጥር ወዲህ መዘጋጀት ሲጀምር ወረቀታችሁ ፋይሉ ውስጥ ይኑር። ግንቦት ላይ ሄዳችሁ «ዕቅዱ ውስጥ ገብቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የወረዳ ምክር ቤት በጀቱን ሳያጸድቅ በፊት ከቀበሌያችሁ የተመረጠውን የምክር ቤት አባል ያዙት። የእናንተን ጉዳይ ተነስቶ የመናገር ሥራው የእሱ ነው፤ እሱም ቢሆን ቁጥር ካልያዘ ምን ብሎ ይናገራል? ሦስቱን ቁጥሮች በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱለት።

ደብዳቤው

አንድ ገጽ። ከዚያ አይለፍ። «ለሀገራችን ዕድገትና ብልጽግና» ከሚል መግቢያ አትጀምሩ፤ ኃላፊው በቀን ሃምሳ እንዲህ ያለ መግቢያ ያነባል። የእኛ እንዲህ ነበር («ይህን ያህል» ባልኩበት ቦታ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ)፦

«ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በክረምት ወራት ለወላድ እናቶች ማመላለሻ የጀልባ ነዳጅና ነጂ እንዲመደብልን ስለመጠየቅ

እኛ የቀበሌው ነዋሪዎች ባለፈው ክረምት ለሦስት ወራት የሐይቅ መሻገሪያ መዝገብ ይዘናል። በመዝገቡ መሠረት ሐይቁ ይህን ያህል ቀን አላሻገረም። አንዲት ወላድ ጤና ጣቢያ ለመድረስ በአማካይ ይህን ያህል ሰዓት ፈጅቶባታል። ይህን ያህል ሰው ሕክምና ፈልጎ መሻገር አልቻለም። ስለሆነም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነዳጅና አንድ ነጂ በመደበኛ በጀት እንዲያዝልን እንጠይቃለን። ሕዝቡ በበኩሉ የጀልባውን ማሳደሪያ ቤት በራሱ ጉልበት ሠርቶ ያስረክባል። የመዝገቡ ኮፒና ቃለ ጉባኤው ተያይዟል።»

ከሥር ግልባጭ፦ ለወረዳው አስተዳደር፣ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ለወረዳው ምክር ቤት። ግልባጭ ያለው ደብዳቤ አይጠፋም፤ ቢጠፋ እንኳን ሦስት ቦታ አለ።

«በመደበኛ በጀት» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። በጀት ሁለት ዓይነት ነው። ካፒታል በጀት ግንባታና ትልልቅ ዕቃ ይገዛል። መደበኛ በጀት ደሞዝ፣ ነዳጅ፣ ጥገና ይሸፍናል። ሁላችንም የምንጠይቀው ካፒታሉን ነው፤ ጀልባ ስጡን፣ ሕንፃ ሥሩልን። ጀልባው ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ነዳጅ የለም፣ ነጂው ደሞዝ የለውም፣ የሞተሩ ሻማ ሲቃጠል የሚለውጥ የለም። ሐይቁ ዳር ተገልብጣ ሣር የበቀለባት ጀልባ ያላየ የጣና ሰው ያለ አይመስለኝም። ጀልባ ስትጠይቁ በዚያው ደብዳቤ ላይ የሚያንቀሳቅሳትን ጠይቁ። አንዱን ብቻ እሰጣለሁ ካሏችሁ ነዳጁን ያዙ፤ ጀልባ ተከራይታችሁም ትሠሩበታላችሁ።

ካስገባችሁ በኋላ

ደብዳቤውን ለኃላፊው በእጁ አትስጡ። መዝገብ ቤት አስገቡ። ቁጥር ይሰጠው። በያዛችሁት ኮፒ ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ፣ ቀኑም ይጻፍበት። በሞባይል ፎቶ አንሱት። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ወይም «ፊልድ ወጥተዋል» ስትባሉ ቁጥሩን ጠርታችሁ የት እንደደረሰ መዝገብ ቤቷን መጠየቅ ትችላላችሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን አክብሯቸው። ፋይል የት እንዳለ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኛን አንድ መሥሪያ ቤት ለአምስት ወር አመላልሶናል። እያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ቀን ነው፤ ጠዋት ተሻግሮ፣ አድሮ፣ በማግስቱ ጠዋት መመለስ። መጨረሻ ላይ ደብዳቤው ጠፋ ተባልን። የገቢ ማኅተም ያለበት ኮፒ ባይኖረን ኖሮ እንደገና ከዜሮ ነበር።

መልስ ከዘገየ በጽሑፍ መረጃ ጠይቁ። አዋጅ 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። «ለቀበሌያችን የተያዘው በጀት ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ደግሞም ብዙ ወረዳ በጀቱን በሰሌዳ ላይ መለጠፍ ከጀመረ ቆይቷል፤ ስትሄዱ ቆም ብላችሁ አንብቡት።

ከዚያም በኋላ ዝም ከተባላችሁ ቅሬታ ሰሚ አለ። እሱም ካልሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመ ነው፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ አቤቱታ ለማቅረብ ገንዘብ አይከፈልም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚባለውን እዚህ ላይ እርሱት። እዚህ የሚሠራው «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» የሚለው ነው።

እርግጥ ይሄ ሁሉ አገር ሰላም ሲሆን ነው የሚቀለው። አሁን ክልላችን ባለበት ሁኔታ የተዘጋ ቢሮ አለ፣ የተቋረጠ መንገድ አለ። ደብተሩን ግን ያዙ። ቢሮው ሲከፈት የሦስት ዓመት መዝገብ ይዞ የሚገባ ቀበሌና ባዶ እጁን የሚገባ ቀበሌ አንድ አይሆኑም።

ስለ ጤና ትንሽ ጨምሬ

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች ይመደባሉ ነው መሠረቱ። ሁለቱም እንዲኖሩ ብቻ ሳይሆን ደሴቱ ላይ እንዲያድሩ ጠይቁ። የሚያድሩበት ቤት ከሌለ አያድሩም፤ ቤቱን መሥራት ደግሞ ሕዝቡ የሚችለው ነገር ነው። ቆላ ለሚሠራ የበረሃ አበል እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሐይቅ ተሻግሮ ለሚሠራም ተመጣጣኝ ነገር ይታሰብ ብላችሁ አንሱ፤ ለመምህራኑም እንዲሁ። እኔ ራሴ ደሞዜን ለመቀበል ስሻገር ከደሞዜ የሚቆረሰውን የጀልባ ሒሳብ አውቀዋለሁ።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። በበረዶ ሳጥን ተጭኖ ሲመጣ ማዕበል ከያዘው ይበላሻል ወይም ጭራሽ አይነሳም። ሕፃኑ ደግሞ በ6ኛው፣ በ10ኛው፣ በ14ኛው ሳምንት መከተብ አለበት፤ ሐይቁ እስኪረጋ አይጠብቅም። መፍትሔው ባትሪ የማያስፈልገው በፀሐይ የሚሠራ የክትባት ፍሪጅ ነው። አገራችን ገብቷል። በስሙ ጠይቁት።

ወላዶችን በተመለከተ ከጀልባም የሚቀድም ነገር አለ። የእናቶች ማቆያ። ቀኗ ሊደርስ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀራት ወደ ጤና ጣቢያው ሄዳ እዚያው ትቆያለች። ከሐይቅ ማዶ ለምትመጣ ይሄ ነፍስ ነው። እናቶች ግን እሺ አይሉም፣ ልክም አላቸው። «ልጆቼን ማን ያበላልኛል? እዚያስ ምን እበላለሁ?» ይላሉ። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ላይ የማቆያው ምግብ ይታሰብ ብላችሁ ጻፉ። በደሴቱ በኩል ደግሞ የቀሩትን ልጆች የሚይዝ ጎረቤት አስቀድማችሁ መድቡ።

ጤና መድህንን አትዝለሉት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከኛው ጎጃም ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ነን። መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በቀበሌው ሕዝብ ተለይተው መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ ልየታው ላይ ተገኙ። ሪፈር ወረቀት ሳትይዙ ግን በቀጥታ ሆስፒታል አትሂዱ፣ ሽፋኑን ታጡታላችሁ ወይም ይቀነስባችኋል። ጤና ጣቢያው ማዶ ስለሆነ ሪፈሩ ራሱ አንድ ቀን የሚፈጅባችሁ ከሆነ እሱንም ደብተሩ ላይ ጻፉት።

አንድ የሚረሳ ነገር። እንደ ደጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አባቶች ታመው ሳይነገር የሚቀረው አንዱ በዚህ ነው። ለገዳማቱ በየጊዜው ወንድ ነርስ ይላክልን ብሎ መጠየቅ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ከባድ አይደለም፤ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ነው።

ውሃ

በሐይቅ ተከቦ የሚጠጣ ውሃ ማጣት ይገርማል፤ ግን እውነት ነው። የሐይቅ ዳር ውሃ ቢልሃርዚያ አለበት፤ ልጆቻችን የሚታመሙት በሱ ነው። እዚህ ላይ ደስ የሚለው ክልላችን ጥሩ ልምድ አለው። በፊንላንድ ድጋፍ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ በቆየው የገጠር ውሃ ሥራ ገንዘቡ በብድርና ቁጠባ ተቋሙ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በኩል ለሕዝቡ የውሃ ኮሚቴ ይሰጥና ኮሚቴው ራሱ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ቆፋሪ ይቀጥራል፣ ያሠራል። ደሴት ላይ ይሄ መንገድ ከማንም ይበልጥ ይስማማል። ከሩቅ የመጣ ኮንትራክተር አሸዋውን በጀልባ ማጓጓዝ ሲጀምር ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ እናንተ ግን ጀልባውንም ቀኑንም ታውቃላችሁ። ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ «ኮሚቴ አቋቁመን ራሳችን ብንሠራስ?» በሉ።

መለዋወጫውን ቀድማችሁ አስቡ። የእጅ ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በትንሽ ጎማ ነው። ያቺ ጎማ ባሕር ዳር ካለች፣ ደሴቱ ላይ ከሌለች፣ ፓምፑ ወር ሙሉ ይቆማል። ሦስት አራት ጎማ ገዝታችሁ ኮሚቴው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጥ።

መርከቧ

በ2017 ዓ.ም. «ጣና ነሽ 2» ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ እስከ ባሕር ዳር ስትመጣ ሁላችንም ተከታትለናል። መንግሥት ከፈለገ ለሐይቁ ገንዘብ እንደሚያወጣ ያየንበት ነው። ትልቅ መርከብ ግን ለሌሊት ምጥ አትመጣም፤ ሥራዋም አይደለም። ከሷ የምትጠይቁት ሌላ ነው፤ ደሴታችሁ ላይ ትቁም፣ የምትቆምበት ቀን ይታወቅ፣ ቀኑም አይቀያየር። ለተማሪ፣ ለነጋዴና ለማንጎ የታወቀ ቀን ትልቅ ነገር ነው። ማንጎ የመርከብ ቀን እስኪታወቅ አይጠብቅም፣ ይበሰብሳል።

እሺ ከተባላችሁ

የእኛ ጥያቄ ግማሹ ተመለሰ። ነዳጁ ተፈቀደ፣ ነጂው አልተፈቀደም። ነጂውን ለአንድ ክረምት ከእድሩ ገንዘብ ከፈልነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ሕዝቡ ራሱ ከፍሎ አሠርቶታል» ብለን ይዘን ሄድን።

ነዳጅ ከተፈቀደላችሁ መዝገብ ያዙለት። ስንት ሊትር ገባ፣ ለማን ጉዞ ወጣ፣ ማን ፈረመ። በዚያችው ደብተር ጀርባ ላይ ይሁን። ኦዲት የሚያደርግ ሰው በመጣ ቀን ሻይ ቤቷ በር ላይ ቆሞ እንዲያነበው፤ እሷም ሻይ ትቅዳለት፣ ልጇም ከትምህርት ሲመለስ የዚያን ቀን ጉዞ ይሙላበት።